አስቸኳይ፦ እህቴ ዛሬ ማታ ዱባይ ልትገዛልኝ ነው፣ የትኛውን ሄድፎንና ሳውንድ ካርድ ልበላት?

ኮቴ_አዳኝ (ጠያቂ) · ማታ 1፡10
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ የሚመልስልኝ እፈልጋለሁ። የጌም ሄድፎኔ ተበላሽቷል። ማውስ ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ጭርርር ይላል፣ የተኩስ ጌሙን ካውንተር ስትራይክ 2 ስከፍት ደግሞ ይብስበታል። ኮቴ ይሰማኛል፣ ግን ከግራ ይምጣ ከቀኝ አላውቅም፤ ዞር ሳልል ይመቱኛል። ጓደኞቼ ማይኬን አይሰሙትም፣ ስልኬ ላይ ስሰካው ግን ይሰራል። እህቴ ነገ ጠዋት ከዱባይ ትበራለች፣ ሱቅ የምትሄደው አሁን ነው። እስከ 350 ድርሃም እገዛልሃለሁ ብላኛለች። 7.1 (ድምፁ ከዙሪያ የሚመጣ የሚመስል) የሆነ ሄድፎንና ጥሩ ሳውንድ ካርድ ስማቸውን ብቻ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰፈር ልጆች ጋር ግጥሚያ አለን።

ማሜ_22 · ማታ 1፡13
ድራይቨሩን (ዊንዶውስን ከድምፅ ዕቃው ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አጥፋና እንደገና ጫነው። እኔ ጋ ሰርቷል።

ሣሪስ_ቴክ · ማታ 1፡16
ወንድሜ፣ ስም ከመጻፋችን በፊት ሦስት ነገር ንገረን። ላፕቶፕ ነው ዴስክቶፕ? የሄድፎኑ ሽቦ ጫፍ አንድ ነው ወይስ ሁለት? የሰካኸው ከኬዙ ፊት ነው ከኋላ?

ሊያ_ቢ_ሳይት · ማታ 1፡18
ዞር ሳትል የመታሁህ እኔ ነኝ፣ ሄድፎኑን አትውቀስ።

ጋሽ_ሞገድ · ማታ 1፡25
ልጄ፣ ሳውንድ ካርድ ለምን እንደሚገዛ ሳታውቅ ገንዘብ አታውጣ። የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ የመጀመሪያውን ሳውንድ ብላስተር ካርድ በ1989 (በፈረንጆቹ) ሲያወጣ አብዛኛው ፒሲ ከቲት ቲት ያለፈ ድምፅ አልነበረውም። ያኔ ካርዱን መግዛት ግድ ነበር። ቆይቶም ኢኤኤክስ የሚባለው መጣ፤ የዋሻውን ማስተጋባት፣ ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣውን የታፈነ ድምፅ ካርዱ ራሱ ያሰላ ነበር። በጊዜው ያንን የሰማ ሰው ጌም በሌላ ድምፅ መጫወት አይፈልግም። ከዚያ በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ወጣና ጌሞች ወደ ካርዱ በቀጥታ የሚገቡበትን የቆየ መንገድ ዘጋው። ዛሬ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ የሚያሰላው ጌሙ ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው። ለካርዱ የቀረለት ንጹሕ አድርጎ ማውጣትና ሄድፎኑን በበቂ ጉልበት መግፋት ነው። ያንን ደግሞ ማዘርቦርድ (የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለው ቺፕ ለተራ የጌም ሄድፎን አያንስበትም።

ሚካ_ኤፍፒኤስ · ማታ 1፡29
ከጋሽ_ሞገድ ጋር እስማማለሁ። እኔ የምጣላው ግን ከ7.1 ጋር ነው። ሳጥኑ ላይ 7.1 ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛው ሄድፎን ውስጡ ያለው በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ሌላው ሶፍትዌር ነው። ካውንተር ስትራይክ ከ2016 ጀምሮ ድምፁን ጆሮ አቅጣጫ በሚለይበት መንገድ አስልቶ የሚልክበት ኤችአርቲኤፍ የሚባል ዘዴ አለው። እሱ ላይ የሄድፎኑን 7.1 ከጨመርክበት አንድ ኮቴ ሁለት ጊዜ ይሰላል፣ ከዚያ አቅጣጫው ይደበላለቃል። እንደ 7.1 የሚሠሩትን ዊንዶውስ ሶኒክንም ዶልቢ አትሞስንም አጥፋና በስቴሪዮ (በተራው ግራና ቀኝ) ተጫወት። 7.1 ስለሆነ ብለህ አንድ ድርሃም እንዳትጨምር።

ማሜ_22 · ማታ 1፡30
ድራይቨር ነው የምላችሁ።

ኮቴ_አዳኝ · ማታ 1፡33
ዴስክቶፕ ነው፣ ጫፉ አንድ ነው፣ የምሰካው ከፊት ነው፣ አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ። ድራይቨሩን አድሻለሁ፣ ለውጥ የለም። ግን እባካችሁ እህቴ ታክሲ ውስጥ ናት።

ሊያ_ቢ_ሳይት · ማታ 1፡35
ቀልዱን ትቼ፦ ግራና ቀኝ ጨርሶ ካልተለየ ሴቲንግስ ግባ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ኦዲዮ፣ እዚያ ሞኖ ኦዲዮ የሚል አለ። በርቶ ከሆነ ሁለቱም ጆሮ የሚሰማው አንድ ዓይነት ነው። እኛ ቤት ታናሽ ወንድሜ በአንድ ጆሮ ፊልም ሲያይ ያበራውና ሳያጠፋው ይሄዳል።

ድምፀ_ሰናይ · ማታ 1፡38
ስም ጠይቀሃል፣ ስም ልስጥህ። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ፣ ባለ 250 ኦም። ጀርባው ክፍት ስለሆነ የድምፁ ስፋት ሌላ ነው፣ ኮቴው ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስልሃል። ለብቻው ማይክ ትጨምራለህ።

ሣሪስ_ቴክ · ማታ 1፡41
@ድምፀ_ሰናይ ሄድፎኑ ግሩም ነው፣ ለእሱ ግን አይሆንም። ኦሙ ከፍ ሲል ሄድፎኑ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ 250 ኦም የሆነውን ተራ ማዘርቦርድ ላይ ብትሰካው ድምፁ እስከ መጨረሻ ከፍ ብሎም ደከም ይላል፤ ያኔ ማጉያ መግዛት ልትገደድ ነው። ጀርባው ክፍት ማለት ደግሞ ጥይቱ ለቤተሰቡ ሁሉ ይሰማል ማለት ነው፣ የውጪውም ጫጫታ ወዳንተ ይገባል። ማይክም የለውም። 350 ድርሃም ለዚህ ሁሉ አይበቃም። ከዚያው ድርጅት ዲቲ 770 የተዘጋ ነው፣ 32 እና 80 ኦምም አለው፣ ማይክ ግን አሁንም የለውም።

@ኮቴ_አዳኝ ወዳንተ ልመለስ። አንተ የነገርከን አንድ ብልሽት ሳይሆን ሦስት የተለያየ ነገር ነው።
ማይኩ፦ የሄድፎኑን ጫፍ ተመልከት፣ ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው አይደል? እንደ ስልክ ሄድፎን ግራ፣ ቀኝ፣ የጋራ መመለሻና ማይክ አንድ ላይ ናቸው። የኬዝህ አረንጓዴ ቀዳዳ ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ማይክ የሚቀበለው ሮዙ ነው። ስልክህ ላይ መሥራቱም ይህንኑ ነው የሚያሳየው፤ ማይኩ ደህና ነው። አንድ ቀዳዳ ሆኖ አረንጓዴና ሮዝ ሁለት ጅራት ያለው መከፋፈያ ያስፈልግሃል። ለሁለት ሰው ሙዚቃ ማዳመጫ የሚሸጠውን እንዳትወስድ፣ እሱ መልኩ ይመሳሰላል እንጂ ማይክ አያስተላልፍም።
ጭርጭርታው፦ ከማውስና ከግራፊክስ ካርድ ጋር አብሮ የሚጮህ ከሆነ ከኬዙ ውስጥ የሚገባ ነው። ከፊት ቀዳዳ እስከ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ በግራፊክስ ካርዱ ሥር ያልፋል፣ የሱን ጩኸት ይለቅማል። አሁን ነቅለህ ከኋላ ያለው አረንጓዴ ላይ ሰካና ንገረን።
ግራና ቀኙን ሊያ ነግራሃለች።

አቤል_ዋየርለስ · ማታ 1፡43
ለምን ብሉቱዝ አትገዛም? ሽቦ የለ፣ ጭርጭርታ የለ።

ሚካ_ኤፍፒኤስ · ማታ 1፡45
ለጌም? ማይኩን በከፈትክ ደቂቃ ብዙዎቹ ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳሉ፣ ግራና ቀኙም ይጠፋል። ድምፁም ከምስሉ ዘግይቶ ይደርሳል። የራሱ ዩኤስቢ መቀበያ ያለው ዋየርለስ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ይሆናል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ኮቴ_አዳኝ · ማታ 1፡52
ሊያ እግዜር ይስጥሽ! ሞኖው በርቶ ነበር! አሁን ግራና ቀኝ ጥርት ብሎ ይለያል። ከኋላም ሰካሁት፣ የማውሱ ጭርርር ጠፋ። ግን ከታች እንደ ንብ ዝቅ ያለ እምምም የሚል አለ፣ ምንም ሳልነካ እንኳ። እጄን ኬዙ ላይ ሳደርግ ይለወጣል። ባዶ እግሬን ከሆንኩ ኬዙ ትንሽ ነዘር ያደርገኛል፣ እሱ የቆየ ነው። እህቴ ቡር ዱባይ ደርሳለች፣ ምን ልበላት?

ጋሽ_ሞገድ · ማታ 1፡56
ልጄ፣ እሱ የቆየ ነው ብለህ የምታልፈው ነገር አይደለም! ከሄድፎኑም ከግጥሚያውም ይቅደም። የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ገመድ ሦስተኛው መስመር መሬት ነው። ውስጡ ያለው የጩኸት ማጣሪያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ቆርቆሮው ይልካል፣ ያ ወደ መሬት መውረድ አለበት። ዲቫይደርህ ወይም የግድግዳው ሶኬት የመሬት መስመር ከሌለው መውረጃ ያጣና ኬዙ ላይ ይቀራል፣ አንተ ስትነካው ባንተ በኩል ይወርዳል። የሚነዝርህ እሱ ነው፣ እምምም የሚለውም ከሱ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ጉርምርምታውም ወፍራምና የማይለዋወጥ ይሆናል። እጅህን ስታሳርፍ መለወጡ ጥርጣሬዬን ያጠናክረዋል። ዲቫይደሩን ባለ መሬት በሆነ ቀይር፤ ሶኬቱ ራሱ ከሌለው ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥራ፣ አንተ ሽቦ አትንካ። ሽቦ ወስደህ ከውሃ ቧንቧ ጋር እንዳታስር፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ አደገኛ ነው። እስከዚያው ጫማ አድርግ፣ ኬዙንም አትንካው።

ማሜ_22 · ማታ 1፡57
እሺ ይሄኛው ድራይቨር አይደለም።

ከሻርጃ · ማታ 2፡03
ጤና ይስጥልኝ። እህትህ ቡር ዱባይ ከሆነች ኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ላይ የኮምፒዩተር ሱቆች ተደርድረዋል፣ እዚያ ትግባ። የመጀመሪያውን ዋጋ እንዳትቀበል፣ ሁለት ሦስት ሱቅ ትጠይቅ። ባለ መብራት ሄድፎን ያሳዩአታል፣ ትለፈው። መብራቱ ኮቴ አያሰማም። ሳጥኑን እዚያው ከፍታ ሁለቱንም ጆሮ በስልኳ ትሞክር፣ ደረሰኝም ትያዝ። ነገ ጠዋት ከበረረች ተመልሶ የሚቀይርልህ የለም።

ሣሪስ_ቴክ · ማታ 2፡06
አሁን ስም ልጻፍልህ። ሃይፐርኤክስ ክላውድ 2፣ ባለ ሽቦው፤ ዋየርለስ የሚል የተጻፈበት አለ፣ እሱን አይደለም። ከ2015 ጀምሮ ያለ ዕቃ ነው፣ 60 ኦም፣ የትኛውም ማዘርቦርድ ይገፋዋል። ዋናው ግን ከሽቦው ጋር የምትመጣው ትንሽ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ናት። እሷ ራሷ ሳውንድ ካርድ ናት፣ ማይኩም በዚያው ይገባል፣ አረንጓዴና ሮዝ የሚባል ጣጣ የለም። 7.1 የምትል ቁልፍ አላት፣ እንደጠፋች ተዋት። ያንን ካጣች ክላውድ 3ም ያው ነው፣ ዩኤስቢ ማገናኛ አብሮት ይመጣል። ለብቻው ሳውንድ ካርድ አትግዛ።

ሚካ_ኤፍፒኤስ · ማታ 2፡09
እኔ እንዲያውም ምንም አትግዛ ባይ ነኝ። ሄድፎኑ አልተበላሸም እኮ። ሞኖው ጠፋ፣ ጭርርሩ ከኋላ ሲሰካ ጠፋ፣ ማይኩ መከፋፈያ ነው፣ እምምሙ የመሬት መስመር ነው። መከፋፈያውን መገናኛ ወይም መርካቶ ከሞባይል ዕቃ ሻጮች ታገኛለህ። ብሩን ለዲቫይደርና ለኤሌክትሪሽያን አውለው።

ድምፀ_ሰናይ · ማታ 2፡11
እህት ከዱባይ ልግዛልህ ብላ አይ አያስፈልግም የሚል ወንድም አይቼ አላውቅም።

ኮቴ_አዳኝ · ማታ 2፡14
እየደወለች ነው፣ ሱቅ ውስጥ ናት፣ ሻጩ ባለ መብራቱን ይዞ ቆሟል መሰለኝ። መጣሁ።

ጋሽ_ሞገድ · ማታ 2፡40
ልጄ፣ ዲቫይደሩን አየኸው? መሰኪያው ጎኑ ላይ የብረት ምላስ ወይም ሦስተኛ እግር አለው?

ሊያ_ቢ_ሳይት · እሑድ ጠዋት 4፡05
@ኮቴ_አዳኝ ግጥሚያው እንዴት ሆነ? ምንስ ገዛችልህ?

ፍቅር_ከአዳማ · እሑድ ከሰዓት 9፡30
ይቅርታ፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፣ ግን ላፕቶፕ ነው። ቻርጀር ስሰካ እምምም ይላል፣ በባትሪ ሲሆን ይጠፋል። ሳውንድ ካርድ ልግዛ?

ሣሪስ_ቴክ · እሑድ ከሰዓት 9፡52
እህቴ፣ በባትሪ ከጠፋ ከቻርጀሩ በኩል ነው የሚገባው። የቻርጀሩ ገመድ ባለ ሦስት ከሆነ ዲቫይደሩን ትተሽ ቀጥታ የመሬት መስመር ያለው ሶኬት ላይ ሰኪው። ገመዱ ባለ ሁለት ከሆነ ሶኬት መቀየሩ አይረዳም፤ ያኔ የሌላ ሰው ቻርጀር ተውሰሽ አወዳድሪ፣ ቮልቱና ጫፉ ከላፕቶፕሽ ጋር አንድ መሆኑን እያየሽ። በሁለቱም ካልጠፋ ተመለሽ፣ አነስተኛ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ከመግዛትሽ በፊት ከሰው ተውሰሽ የምትሞክሪበትን እነግርሻለሁ።