የሲግናል ጀነሬተራችንን ባንድዊድዝ ስለመክፈት ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በባሕር ዳር ወርክሾፓችን ያለው ሲግለንት ኤስዲጂ 2042 ኤክስ ሲግናል ጀነሬተር (ለፍተሻ የሚሆን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ) ባንድዊድዙ፣ ማለትም የሚያወጣው ፍሪኩዌንሲ፣ እስከ 40 ሜጋኸርዝ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ የተሸጠ ሲሆን፣ የዚሁ ቤተሰብ ከፍተኛ ሞዴል 120 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። ልዩነቱ በአብዛኛው በሶፍትዌር የተጣለ ገደብ መሆኑን በልዩ ልዩ አገር ያሉ የዘርፉ አፍቃሪዎች ገደቡን እያነሱ አሳይተዋል። እኛም እንክፈተው የሚል ጥያቄ ከጥገና ክፍል ስለቀረበ፣ ለጉባኤው የሚሄደውን ጽሑፍ በጋራ እንድናዘጋጅ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የጥገና ክፍል ተጠሪ፦
የጠየቅነው ለጉራ እንዳልሆነ በቅድሚያ እንዲታወቅልን እፈልጋለሁ። በኤፍ ኤም ሬዲዮ ውስጥ ሚክሰር የሚባለው ክፍል የጣቢያውን ሞገድ የሚያወርድበት መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ 10.7 ሜጋኸርዝ ስለሆነ፣ ከሚክሰሩ በኋላ ያለውን ክፍል አሁን ባለን አቅም በሚገባ እንፈትሻለን። የምንቸገረው ከአንቴናው እስከ ሚክሰሩ ባለው ክፍል ነው፤ ጣቢያዎቹ የሚገኙት ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ነውና። ለምሳሌ ባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9ን ለመቀበል ለሚክሰሩ ሞገድ የሚያመነጨው የሬዲዮው ኦሲሌተር በተለመደው አሠራር ከጣቢያው በ10.7 ከፍ ብሎ 107.6 ላይ መቆም አለበት። እስካሁን ይህን የምናስተካክለው የጣቢያውን ስርጭት ተጠቅመን ነው፤ ይሁን እንጂ የስርጭቱን ኃይል እንደፈለግን መቀነስ ስለማንችል፣ የተጠገነው ሬዲዮ ደካማ ሞገድ የመቀበል አቅሙ ምን ያህል እንደተሻሻለ በቁጥር መናገር አንችልም። ከ33 ሜጋኸርዝ ሦስተኛ ሃርሞኒክ (አብሮ የሚወጣ፣ ፍሪኩዌንሲው ሦስት እጥፍ የሆነ ሞገድ) 99 ሜጋኸርዝ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ኃይሉ ስንት እንደሆነ ስለማይታወቅ ለማነጻጸሪያ አይበቃም። ከ108 በላይ ያለው ለእኛ ሥራ አስፈላጊ አይደለም።

የመለኪያ ክፍል ኃላፊ፦
የወንድማችን ምክንያት በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሆኖም ጽሑፉ “ገደቡ ይከፈት” ብሎ ብቻ እንዳያበቃ አሳስባለሁ። መሣሪያው በሰከንድ 1.2 ቢሊዮን ናሙና (ሞገዱ የሚሠራበት ነጥብ) ስለሚያወጣ፣ በ120 ሜጋኸርዝም ቢሆን ለአንድ ዑደት 10 ናሙና ይደርሰዋል፤ ስለዚህ በዲጂታል በኩል ችግር አይታየኝም። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ያሉት ማጣሪያና ማጉያ በእኛው መሣሪያ ላይ ምን ያህል እኩል ያሳልፋሉ የሚለው ነው፤ ሻጩ ዋስትና የሰጠን እስከ 40 ሜጋኸርዝ ድረስ ብቻ ነውና። በተጨማሪም ፈጣን ፐልስ እናገኛለን ብለው ለሚጠብቁ አባላት አንድ ነገር ይነገራቸው፤ በቅጽበት ከፍና ዝቅ የሚለው የካሬ ሞገድ ጣሪያ በሁሉም ሞዴል 25 ሜጋኸርዝ ስለሆነ መክፈቱ የሚጠቅመው ለስላሳ ሆኖ ለሚወዛወዘው የሳይን ሞገድ ነው።

ይህን በምን እንለካለን? ሞገድን በስክሪን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፓችን ጣሪያው 100 ሜጋኸርዝ ነው። በዚህ ፍሪኩዌንሲ 10 ቮልት የሆነውን 7 ቮልት ገደማ አድርጎ ቢያሳይ ከስሪቱ የሚጠበቅ ነው፤ ስለሆነም ሞገዱ አንሶ ብናይ ጉድለቱ የጀነሬተሩ ይሁን የኦሲሎስኮፑ መለየት አንችልም። በመሆኑም ከመክፈታችን በፊት በኤዲ 8307 አይሲ (የሞገድን ኃይል ወደ ቮልቴጅ የሚለውጥ ቺፕ) ቀላል የኃይል መለኪያ እንድንሠራ ሐሳብ አቀርባለሁ። አይሲው እስከ 500 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ መግቢያው ላይ 52.3 ኦም ሬዚስተር ሲደረግለት ለ50 ኦም ኬብል ይስማማል፤ ለእያንዳንዱ ዴሲቤል (የኃይል ማነጻጸሪያ መለኪያ) 25 ሚሊቮልት ስለሚለውጥም ንባቡ በተራ መልቲሜትር ይታያል። የጀነሬተሩን ውጤት በ0 ዲቢኤም (አንድ ሚሊዋት) አስረን ፍሪኩዌንሲውን ደረጃ በደረጃ ስንጨምር፣ መልቲሜትሩ ከመነሻው 75 ሚሊቮልት የወረደበት ቦታ ሦስት ዴሲቤል፣ ማለትም የኃይሉ ግማሽ ገደማ፣ የጠፋበት ነው። መጀመሪያ እስከ 40 ለክተን እንመዝግብ፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ያንኑ ደግመን ወደ ላይ እንቀጥል።

የሕግ ጉዳዮች ተጠሪ፦
ሁለት ነገር በጽሑፉ ይካተትልኝ። አንደኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም የቅጂ መብት ጥበቃ አለው። ስለዚህ ለአቅራቢው በደብዳቤ ጽፈን በክፍያ የሚሰጥ የማሳደጊያ ፈቃድ እንዳለ በቅድሚያ እንጠይቅ፤ ከኢንተርኔት የተገኘ ፋይልም በማኅበሩ ስም ለሌላ እንዳይታደል። ሁለተኛና ለእኔ ዋነኛው፣ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ የአብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች የድምፅ ግንኙነት የሚካሄድበት ነው። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ በከተማችን ውስጥ እያለ፣ አንድ አባል ለሙከራ ብሎ እስከ 120 ሜጋኸርዝ ከተከፈተው መሣሪያ ጋር አንቴና ቢያገናኝ ጉዳዩ ከትርፍ ጊዜ ሥራ ያልፋል። የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ መጠቀሚያ ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መሆኑም አይዘንጋ።

ገንዘብ ያዥ፦
ለኃይል መለኪያው የሚያስፈልገውን ወጪ እደግፋለሁ። የምሰጋው ለመብራቱ ነው፤ ፈርምዌር (የመሣሪያው ውስጣዊ ሶፍትዌር) በሚጻፍበት መሐል ኃይል ቢቋረጥ መሣሪያው ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል፤ ገደቡን ራሳችን ከነካን ደግሞ አቅራቢው ዋስትናውን ሊነፍገን ይችላል። ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያስቀጥል መሣሪያ) እንዳይነካ፣ የዋስትናው ጊዜም አስቀድሞ እንዲጣራ ይሁን።

የጥገና ክፍል ተጠሪ፦
ሁሉንም እቀበላለሁ፤ የአቅራቢው መልስ ግን ማለቂያ የሌለው መጠበቂያ እንዳይሆንብን የጊዜ ገደብ ይቀመጥለት። አንቴናን በተመለከተም፣ ሞገዱን ወደ ሬዲዮው የምናስገባው በአቴኑዌተር (የሞገዱን ኃይል በሚቀንስ ዕቃ) እና በኬብል ስለሆነ አንቴና አለማገናኘቱ ሥራችንን አያስተጓጉልም።

ሰብሳቢ፦
የሁላችሁንም አስተያየት አካትቼ ረቂቁን እንደሚከተለው አስተካክያለሁ፦ “የማኅበሩ ሲግናል ጀነሬተር ለኤፍ ኤም ሬዲዮ ጥገና እስከ 108 ሜጋኸርዝ እንዲያገለግል ታስቧል። ለአቅራቢው ደብዳቤ ተጽፎ ለአንድ ወር መልስ ይጠበቃል፤ በዚሁ ጊዜ የኃይል መለኪያው ተሠርቶ የመሣሪያው የአሁን ንባብ ይመዘገባል። የሚከፈል ፈቃድ ካለ ዋጋው ለጉባኤው ይቀርባል፤ ከሌለ ወይም መልስ ካልመጣ፣ ጉባኤው የዋስትናውንና የሕጉን ሁኔታ ሰምቶ በድምፅ ይወስናል። ከተከፈተ ሥራው በዩፒኤስ ይከናወናል፤ ከ40 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ልኬት በመሣሪያው ላይ ተጽፎ ይለጠፋል፤ ከ108 ሜጋኸርዝ በላይ መጠቀምና በማናቸውም ፍሪኩዌንሲ አንቴና ማገናኘት የተከለከለ ነው።”

የመለኪያ ክፍል ኃላፊ፦
“ይለጠፋል” ከሚለው በኋላ “በየስድስት ወሩም በድጋሚ ይለካል” የሚል ቢጨመርበት በበኩሌ ተስማምቻለሁ።

ጸሐፊ፦
ተጨምሯል። ለአቅራቢው የሚላከውን ደብዳቤ የሕግ ጉዳዮች ተጠሪ አርቅቀው እንዲልኩልኝ፣ ገንዘብ ያዣችን ደግሞ የግዢ ደረሰኙን ቅጂ ከዋስትና ወረቀቱ ጋር እንዲያያይዙልኝ እጠይቃለሁ።