የስላይድ ፊልም በጋራ ውጭ አገር ስለማሳጠብ፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለፎቶ ማኅበራችን አባላት ሁሉ። አጠገባችን የስላይድ ፊልም፣ ማለትም ሲታጠብ ራሱ ሥዕል ሆኖ የሚወጣውን የፎቶ ፊልም፣ የሚያጥብ ላብ (የፊልም ማጠቢያ ቤት) የለም። እያንዳንዳችን ለየብቻ ከምንልክ ብንሰባሰብ ሳይሻል አይቀርም። የመጀመሪያ ረቂቄ ይኸውላችሁ፦ «የአባላትን የስላይድ ፊልሞች በሙሉ በአንድ ሳጥን ለአንድ የውጭ ላብ እንልካለን፤ ወጪውን በፊልም ጥቅል ብዛት እንካፈላለን።» ሳትራሩ አርሙት።

አንጋፋ አባል፦
ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ማጨቅ አይሆንም። ኤክታክሮም፣ ፕሮቪያና ቬልቪያ የሚባሉት የስላይድ ፊልሞች የሚታጠቡት ኢ-6 በሚባል አሠራር ነው። ኮዳክሮም የሚባለው የድሮ ስላይድ ፊልም ግን ኬ-14 የሚባል የራሱ አሠራር ነበረው። በኢ-6 ፊልሞች ቀለሙን የሚፈጥረው ነገር እዚያው ፊልሙ ውስጥ ተቀምጧል። በኮዳክሮም ግን የሚገባው ከማጠቢያው ኬሚካል ነው፤ ያ ኬሚካል ከሌለ ቀለም የለም። አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ኮዳክሮም ያጥብ የነበረው የመጨረሻው ላብ፣ ድዌይንስ ፎቶ፣ ጥቅል መቀበል ያቆመው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2010 ነው። ዛሬ ኮዳክሮም ያለው ሰው ጥቁርና ነጭ አድርገው ለሚያወጡ ላቦች ለብቻው ይላክ።

ሌላም ጣጣ አለ። ኮዳክሮም፣ እንደ ብዙ የሲኒማ ፊልሞች፣ ከጀርባው ጥቁር የካርቦን ሽፋን አለው። ተሳስቶ ኢ-6 ማሽን ውስጥ ከገባ ሽፋኑ ይለቅና የማናውቀውን ሰው ፊልም ሁሉ ያበላሻል። ከዚያ በኋላ ላቡ ዳግመኛ ዓይናችንን ማየት አይፈልግም።

አዲስ አባል፦
ጋሼ፣ የኔ ቬልቪያ 100 ነው። አሜሪካ ታግዷል ሲባል ሰማሁ። ማሳጠቡም ተከልክሏል እንዴ? እንዳይወረስብኝ ፈርቻለሁ።

አንጋፋ አባል፦
አይዞህ። ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ፒአይፒ 3፡1 የሚባል ኬሚካል ላይ ገደብ ጣለ። ቬልቪያ 100 ውስጥ ኬሚካሉ በጣም በትንሹ አለ። አምራቹ ፉጂ ራሱ ከ0.0003 በመቶ በታች ነው ብሏል። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ፊልሙን ከአሜሪካ ገበያ አወጣው። ቬልቪያ 50ና ፕሮቪያ 100ኤፍ አልተነኩም። አጠባቡ እንደማንኛውም ኢ-6 ነው፤ የተለየ ነገር የለውም። እኔ ግን ገደቡ ወደሌለበት አገር ይላክ ባይ ነኝ። ጉምሩክ ላይ መጨቃጨቅ ምን አመጣብን? ላቡም «እቀበላለሁ» ብሎ አስቀድሞ በጽሑፍ ይመልስልን።

ላብ ውስጥ የሠራች አባል፦
በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። ከአገሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የላቡ ጥራት ነው። ኔጋቲቭ፣ ማለትም ቀለሙ ተገልብጦ የሚወጣው ፊልም፣ ቢዛባ ሲታተም ይስተካከላል። ስላይድ ከገንዳው የወጣው ራሱ የመጨረሻው ሥዕል ነው። የመጀመሪያው ማጠቢያ 38 ዲግሪ ላይ 6 ደቂቃ ነው። ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ካለ ወይም ጊዜው ከተዛነፈ ሥዕሉ ይነጣል ወይ ይጠቁራል።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ እንላክላቸው። ኢ-6 በሳምንት ስንት ጊዜ ታጥባላችሁ? የመቆጣጠሪያ ስትሪፕስ (አጠባቡ ልክ መሆኑን የሚያሳዩ የሙከራ ፊልም ቁራጮች) ታያላችሁ? ሁለተኛውን ሲሰሙ ግር ካላቸው ሌላ እንፈልግ። ከዚያ መጀመሪያ አንድ የማንሳሳለት ጥቅል ይሂድ። ሲመለስ ጠርዙን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት። ብርሃን ያልነካው የፊልም ጠርዝ ድፍን ጥቁር መሆን አለበት። ሳሳ ካለ ወይም ወደ ቡናማ ወይ ወደ አረንጓዴ ካደላ፣ የእኛ አነሳስ አይደለም ጥፋቱ፤ አጠባቡ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ደግሞ የሳጥኑ ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ከጠፋ ካሳው የፊልሙን ዋጋ ይመልስ ይሆናል፤ ፎቶውን ግን ማን ይመልሳል? ለሁለት ይከፈል፤ አንደኛው መድረሱ ሳይረጋገጥ ሁለተኛው አይነሳ። የአንድ ሰው ጥቅሎችም በሁለቱም ይበተኑ።

ወጪውንም በጥቅል ብቻ ማካፈል አያስኬድም። አንዱ ስካን ይፈልጋል፣ አንዱ ፍሬም ውስጥ ይግባልኝ ይላል፣ አንዱ ፑሽ (ሥዕሉ እንዲደምቅ ጊዜ ጨምሮ ማጠብ) ያስደርጋል። መላኪያውን በጥቅል እንካፈል፤ ተጨማሪውን ያዘዘው ይክፈል።

አዲስ አባል፦
መንገደኛ አባል ካለ በእጁ ቢወስድልንስ?

ላብ ውስጥ የሠራች አባል፦
ይቻላል፣ ግን በሚጫን ሻንጣ ፈጽሞ እንዳይገባ። የዚያ ኤክስሬይ ኃይለኛ ነው። ለእጅ ሻንጣ አሁን በየኤርፖርቱ የሚገቡት ሲቲ ስካነር የሚባሉ የኤክስሬይ መፈተሻዎችም ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ። በሚያሳይ ላስቲክ ይዞ «በእጅ ፈትሹልኝ» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ። እሺ ላይሉት እንደሚችሉም ይወቀው።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ረቂቁ እንዲህ ተስተካክሏል፦

«ማኅበሩ የአባላትን ኢ-6 ፊልሞች ብቻ ሰብስቦ ይልካል። ኮዳክሮምና የሲኒማ ፊልም አይቀበልም። ላቡ የሚመረጠው ስለ አጠባቡ የተላኩለትን ጥያቄዎች ከመለሰ፣ ቬልቪያ 100 መቀበሉን በጽሑፍ ካረጋገጠና የሙከራው ጥቅል ታይቶ ከጸደቀ በኋላ ነው። ጭነቱ ለሁለት ይከፈላል። መላኪያው በጥቅል ይካፈላል፤ ስካን፣ ፍሬምና ፑሽ በባለቤቱ ሒሳብ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል በማይለቅ ቀለም ቁጥር ይጻፍበታል። ፑሽ የሚደረገው እንደ መጠኑ +1 ወይም +2 ተብሎ ለብቻው ይታሸጋል።»

ገንዘብ ያዥ፦
ቁጥሩ ክዳን ባለው ብልቃጥ ላይ ሳይሆን ፊልሙ በተጠቀለለበት በራሱ በካሴቱ ላይ ይጻፍ በይበት። ላብ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጣለው ብልቃጡ ነው። ይህ ከገባ እኔ ደግፌዋለሁ።

አንጋፋ አባል፦
እኔም። የሙከራውን ጥቅል እኔ አቀርባለሁ፤ ፕሮቪያ ነው።