ደሴ፣ ዳገት ላይ፦ ትልቅ ማሽን የማይገባበት ግቢ ውስጥ ፓይል እንዴት ይሠራ?

ጦሳ ሥር
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ከጦሳ ግርጌ ዳገት ላይ ለሚሠራ ጂ+3 ቤት ምክር ፈልጌ ነው። መግቢያው 1.8 ሜትር ብቻ ስለሆነ ትልቁ የፓይል (ቤቱን የሚሸከም ጥልቅ የመሬት ውስጥ ምሰሶ) ማሽን አያልፍም። ሶይል ቴስቱ እስከ 7 ሜትር ቋጥኝ የተቀላቀለበት የናዳ አፈር፣ ከሥሩ ባዛልት ዓለት ያሳያል። ውሃ 4 ሜትር ላይ ወጥቷል። ከታች በኩል የጎረቤት ቤት አለ። ኮንትራክተሩ «በሰው አስቆፍረን ኮንክሪት እንሙላው» ይላል። ያስኬዳል?

ቦርከና
በፍጹም። እዚህ መሬት ውስጥ ሰው እንዳታስገባ። ውሃውን በፓምፕ ስትስብ ደቃቁ አፈር አብሮ ይወጣል፤ ቋጥኙ የሚይዘው አጥቶ ቆፋሪው ላይ ይወርዳል፤ የጎረቤትህም መሠረት ይቦረቦራል።

አብሽር፣ መላ አለው። ማይክሮፓይል (ቀጭን ፓይል) ይሠራልህ፤ ስፋቱ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ባለ ሰንሰለት መቆፈሪያ በዚያ በር ትገባለች፤ ኮምፕሬሰሩ (መቆፈሪያዋን የሚያሠራ የታመቀ አየር የሚሰጠው ማሽን) መንገድ ዳር ቆሞ ቱቦው ብቻ ይዘረጋል። ኬዚንጉ (ቀዳዳው እንዳይናድ የሚይዘው የብረት ቱቦ) ከቢቱ (ከመቆፈሪያው ጫፍ) ጋር እኩል ይውረድ፤ አለዚያ ቢቱ ሲወጣ ቀዳዳው ይደፈናል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ቋጥኝ ላይ ደርሶ «ዓለት አገኘን» ብሎ በማቆም ነው። የሚወጣውን ፍርፋሪ በየግማሽ ሜትሩ በላስቲክ ያዝ። ግራጫ ዱቄት ሲወጣ ቆይቶ ቡናማ ጭቃ ከተመለሰ፣ ያለፍከው ቋጥኝ ነው። ዲዛይኑ ያዘዘው የዓለት ርዝመት የሚቆጠረው ጭቃ ሳይመለስ ከቀጠለበት ነው።

ሳይት ላይ
ስለ ግራውቱ፣ ቀዳዳው ስለሚሞላበት የሲሚንቶና የውሃ ድብልቅ፣ ልጨምር። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ 0.38 ሜትር ኪዩብ ይይዛል። ውሃው ከሲሚንቶው ክብደት 0.45 እጅ ከሆነ፣ ወደ 10 ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ለአንዱ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 22.5 ሊትር ውሃ፣ ከዚያ በላይ ጠብታ የለም። ከቀጠነ ሲሚንቶው ይዘቅጥና የፓይሉ አናት፣ ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታ፣ ደካማ ይሆናል።

ግራውቱ የሚወርድበት ቱቦ ታች ድረስ ይግባ፤ ቆሻሻው ውሃ አልቆ ንጹህ ግራውት አፉ ላይ እስኪፈስ ሙላ። ኬዚንጉ ሲሳብ ግራውቱ ስለሚወርድ እየጨመርክ ሂድ። 20 ከረጢት ገብቶ ካልሞላ በቋጥኞቹ መሃል ክፍተት አለ ማለት ነው። አቁመህ እንዲጠነክር ተወውና እንደገና ቆፍር፤ ዝም ብለህ ከገፋህ ጎረቤት ግቢ ይወጣል።

ኮምፕሬሰር ስትከራይም አቅሙ የተጻፈበትን ሰሌዳ ብቻ አትመን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ይሳሳል። በአየር የሚመታው የመቆፈሪያው መዶሻ ይዳከማል፣ ፍርፋሪው አይወጣም፣ ከዚያ ዘንጉ ተቀርቅሮ ይቀራል።

ገራዶ
ዳገቱን ግን አትርሱት። ቀጭን ፓይል ጭነት ወደ ታች ያወርዳል እንጂ ከጎን ሲገፉት ይጎብጣል። ያ 7 ሜትር አፈር እየተንሸራተተ ከሆነ ፓይሉ አያቆመውም። የላይኛውን ክፍል ኬዚንጉን ሳታወጣ ተወው፣ የተወሰኑት ፓይሎች ዘንበል ብለው ይቆፈሩ፣ አናቶቻቸው በቢም ይታሰሩ። ከዚያም በፊት ከላይ በኩል ውሃ የሚያስቀይስ ቦይ አውጣ። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያወደመው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ከዚህ ሩቅ ስላልሆነ ዲዛይነሩ የጎን ጉልበቱን ያስላ። ሌሎቹ ከመቆፈራቸው በፊትም አንዱ ፓይል በዲዛይን ጭነቱ እጥፍ ይፈተን።

ለመሆኑ የውሃው 4 ሜትር በየትኛው ወር ተለካ?

ጦሳ ሥር
ጥር ላይ።

ገራዶ
እንግዲያው የበጋ ልክ ነው። የሶይል ቴስቱ ጉድጓድ ቱቦ ከተተወለት ነሐሴ ላይ ድጋሚ አስለካ፤ ዲዛይነሩም በነሐሴው ይሥራ።