ወንድሜ ብቻውን ምን ምን እንደሚሠራ እንዴት ልወቅ?

ጠያቂ (መንዝ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው ከተባለ ሁለት ዓመት ሆነው፤ መርፌውን በየወሩ ይወስዳል። የሌለ ድምፅ መስማቱ ቀርቶለታል፣ ግን ባናውን ተከናንቦ መደብ ላይ ነው የሚውለው። ባለፈው ቀጠሮ ሲስተሯ «ብቻውን ምን ይሠራል?» ብትል እሱ «ሁሉንም» አለ፣ እማዬ «ምንም» አለች። ለሚቀጥለው ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ (የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ደብረ ብርሃን)፦ እህቴ፣ ሁለቱም አልዋሹም። እሱ የሚችለውን፣ እማማ የሚያደርገውን ነው የተናገሩት። ሰው የዕለት ኑሮውን ለመምራት ምን ያህል እንደሚቸገር የሚለካው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ፣ አጭሩ 12፣ ረጅሙ 36 ጥያቄ ያለው፣ ያለፉትን 30 ቀናት ነው የሚጠይቀው። አንቺም እንደዚያው ወሩን ተከታተይ። ገላውን ሲታጠብ ሳይነገረው ነው? ሁለቴ ሦስቴ ተነግሮት? ወይስ ውሃውን አቅርባችሁለት? ለይተሽ ጻፊ። እጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሰውነቱ ድርቅ ካለ ከመድኃኒቱ ሊሆን ስለሚችል ንገሪያቸው፤ በራሳችሁ ግን መርፌውን እንዳታቋርጡ።

መልስ (ሸዋ ሮቢት)፦ እኔ ታማሚውን ባለቤቴን በአፍ መጠየቅ ትቻለሁ። 200 ብር ሰጥቼ ጨው፣ ሳሙናና ሽንኩርት ግዛ ብዬ ላክሁት። በሳሙናው ዋጋ ተከራክሮ አስቀንሶ፣ መልሱን ሳያጎድል ይዞ መጣ። ሽንኩርቱን ግን ረሳው! ለካ ሒሳቡ ደህና ነው፣ የሚቸግረው ማስታወሱ ነው። በሚቀጥለው በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፤ ሦስቱንም አመጣ።

መልስ (ደብረ ሲና)፦ ብቻ «ወጥ አይሠራም» ብለሽ እንዳትጽፊበት። በእኛ አገር ጤነኛውስ ወንድ መች ማጀት ገብቶ ያውቃል? ሳይታመም ምን ይሠራ ነበር፣ እሱን እዪ።

ነርሷ፦ ልክ ብለዋል። አሜሪካ ውስጥ ሰውየው ሠርቶ የሚያሳይበት ፈተና አለ፤ የመብራት ክፍያ ወረቀት ማንበብ፣ የአውቶቡስ መስመር መፈለግ። መንዝ ላይ ይህን የወደቀ ሰው ምን ጎደለው ይባላል? ቡታጅራ ላይ ለገጠር ኑሯችን የሚስማማ መለኪያ የተዘጋጀውም ለዚህ ነው።

ጠያቂ፦ ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሳይታመም በግ ጠባቂያችን እሱ ነበር። ትናንት ማታ ከመደቡ ሳይነሳ በጎቹ ሲገቡ ዓይኑን አየሁት፣ እየቆጠረ ነው። «አንዷ ጎድላለች» ብሎ ወጣና ይዟት ተመለሰ። ማንም አላዘዘውም። ይህም ይጻፋል?

ነርሷ፦ እንዴታ! መርፌውን ከወሰደ ስንተኛ ቀኑ እንደነበረም ጨምሪበት።