«ልብ ካለው ይተዋል»

የባሶናው፦ ሰሞኑን ደብረ ብርሃን በተደረገ የጤና ስብሰባ አንዱ ባለሙያ «ሱስ የአንጎል በሽታ ነው» ብሎ ተጨበጨበለት። ሚስቱ የሸጠችውን የበግ ብር አረቄ ቤት የሚጨርስ ሁሉ በቃ ታማሚ ሆነ! እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ልብ ካለው ይተዋል።

ሲስተር፦ ልቡን ምን እንደሚያደርገው ልንገርህ? ሲጠጣ አንጎሉ ውስጥ ዶፓሚን የሚባል፣ አምሮትን የሚቀሰቅስ ኬሚካል ይጨምራል። ሲደጋገም አንጎሉ ይለምደዋል። ኋላ ላይ ገና ሳይቀምስ፣ መለኪያው ቋ ሲል ያምረዋል። ደስታው ይቀንሳል፣ አምሮቱ ይብሳል።

የጅሩ ልጅ፦ አያቶቻችን ሲጠጡ አምሽተው ጠዋት ሞፈር ይጨብጡ ነበር። ያኔ ዶፓሚን አልተፈጠረም?

ሲስተር፦ የጠጣ ሁሉ ሱሰኛ ይሆናል ማን አለ?

ሸዋ ሮቢት፦ እኛንም አትርሱን እንጂ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም ያንኑ ዶፓሚን ነው የሚነካው።

የጅሩ ልጅ፦ ጫታችሁን እዚያው!

የባሶናው፦ አንጎል ተለወጠ ማለት ታመመ ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጥናት የለንደን ታክሲ ሾፌሮች አንጎል ውስጥ ከመንገድ ትውስታ ጋር የተያያዘው ክፍል ከሌላው ሰው ሰፍቶ ተገኝቷል። እነሱንም አስተኟቸዋ! ደግሞ ቬትናም ከዘመቱት የአሜሪካ ወታደሮች ከአምስት አንዱ ገደማ እዚያ የሄሮይን ሱስ ይዞት ነበር። በ1970ዎቹ ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ ስትከታተላቸው፣ አገራቸው ከገቡ በኋላ አብዛኞቹ ትተውታል። ልብ ካለው ይተዋል!

ሲስተር፦ ራስህ አመጣኸው። ያ ሁሉ ወታደር አውሮፕላን ላይ ልብ ገዛ? ጦርነቱ ቀረ፣ አብሮት የሚወስደው ቀረ፣ ሄሮይኑም እንደዚያ በርካሽ አልተገኘም። የኛ ሰው ግን ከጠበል ወጥቶ የሚመለሰው እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ባልንጀራው ጋ ነው።

የመንዙ፦ ጠበል እንዳትነኪ! ፃድቃኔ ማርያም ገብተው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ ጠበሉን ማን ነካ? እዚያ ሳሉማ ይተዋሉ። አረቄ የለ፣ ጾምና ጸሎት ነው። እኔ የምለው ከወጡ በኋላ ነው።

ሸዋ ሮቢት፦ የባሶናው፣ አንተ ግን ሲጋራ ተውክ?

የባሶናው፦ ሲጋራ ሌላ ነው።

ሸዋ ሮቢት፦ ልብ አልተገኘማ!

የባሶናው፦ ቤት ሸጬ አላጨስኩም። አታገናኝ።

የመንዙ፦ እናንተ ቀልዱ። የሚያስተወው እምነት ነው፣ ቦታ መቀየር አይደለም። ፃድቃኔን ከአውሮፕላን ጋር ያስተካከለችው ልጅ ይቅርታ ትጠይቅ።

ሲስተር፦ አላስተካከልኩም። ከላይ ያንብቡት።

የመንዙ፦ አንብቤዋለሁ። ጠይቂ።