አስቸኳይ፦ ሱቄ ያለችውን የሕፃን አልጋ መሸጥ ክልክል ነው ተባልኩ

ባለሱቋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ወገኖች፣ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ያገለገለ ዕቃ እሸጣለሁ። አሁን አንዲት ሴትዮ ገብታ የሕፃኗን አልጋ አየችና «ይሄን መሸጥ ክልክል ነው፣ አመለክትሻለሁ» ብላኝ ወጣች። አልጋዋ ንጹህ ናት፣ ምንም አልተሰበረም። አንዲት ነፍሰ ጡር ቀብድ ከፍላ ሄዳለች፤ ማታ ልትወስዳት ነው። ምን ልበላት?

የአትላንታው፦
እህቴ፣ ጎኗ ወደ ታች ይወርዳል ወይስ አይወርድም? ዋናውን ነገር ሳትነግሪን ምን እንበልሽ?

ቆራጡ፦
ምን አስጨነቀሽ? «እንዳለ የሚሸጥ» ብለሽ ወረቀት ለጥፊባት፣ አለቀ። ገዢ አይቶ ነው የሚገዛው።

ባለሱቋ፦
አዎ ይወርዳል። ጥሩነቷ እሱ አይደል? እናትየው ሳታጎነብስ ልጇን ታነሳለች።

አናጢው፦
ቀላል ነው። ጎኗን በብሎን ጠርቅመሽ እሰሪያትና ሽጪ።

የደንቡ ሰው፦
ወረቀት መለጠፍ አያድንም። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከገበያ እንዲመለስ የታዘዘ ዕቃ መሸጥን ይከለክላል። አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ በትልቅ መደብርም ሆነ በጓሮ ሽያጭ፣ ያው ነው። ያገለገለ የሚሸጥ ሰው ዕቃውን ላቦራቶሪ የመላክ ግዴታ የለበትም፤ የተከለከለውን ግን መሸጥ አይችልም። ጎኑ የሚወርድ አልጋ ደግሞ ከጁን 28 ቀን 2011 ጀምሮ ፋብሪካው ቢመልሰውም ባይመልሰውም አይሸጥም።

ሰላም ለሁሉ፦
በብሎን ብታስሪያትስ? ጎኗ እንዳይወርድ።

ነርሷ፦
ብሎኑን ተዉት በእናታችሁ! ጎኑን ማሰሪያ ዕቃ ፋብሪካዎች ለቤተሰብ ይልኩ የነበረው አልጋው ቤት ላለባቸው ነው፤ ለሽያጭ አያበቃም። የሚገድለው ይሄ ነው፦ የጎኑ መያዣ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፣ ጎኑ በአንድ በኩል ይላቀቃል፣ በፍራሹና በጎኑ መሃል ክፍተት ይፈጠራል። ሕፃኑ እዚያ ይገባና አንገቱ ይያዛል። ስንጥቁ ከላይ ሲያዩት ላይታይ ይችላል፤ «አልተሰበረም» ያልሽው ለዚህ ነው ያላሳመነኝ። የኔ እህት፣ ቀብዷን መልሺላት። ለሌላ ሰው በነጻም አትስጪ። ፈታትተሽ ጣያት፣ ከቆሻሻ ላይ አንስቶ የሚገጥማት እንዳይኖር።

ቆራጡ፦
በዚህ አያያዝ ሱቁ ውስጥ የምትቀረው ባለሱቋ ብቻ ናት ሃሃሃ

የደንቡ ሰው፦
ብዙው ዕቃ ይሸጣል ወንድሜ። ግን ባለሱቋ፣ ሌላውንም ፈትሺ። ራስጌው ከፍ ብሎ ያዘነበለ የሕፃን መኝታና በአልጋ ዙሪያ የሚታሰር ወፍራም ትራስ በ2022 ታግደዋል። ኮፍያው ላይ ገመድ ያለው የልጅ ጃኬት አትስቀይ። ሶኬቱ ላይ ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚከላከል ትልቅ ሳጥን የሌለው የፀጉር ማድረቂያም አውጪ። የቀረውን ሞዴል ቁጥሩን ከታች ካለው ምልክት አንብበሽ በሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን (ሲፒኤስሲ) ድረ ገጽ ፈልጊ፣ ነጻ ነው። ምልክቱ የተፋቀ የልጅ ዕቃ ሲመጣልሽ ባትቀበይ ይሻላል።

እናት ዓለም (ቨርጂኒያ)፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁ፣ የመኪና ወንበርስ? የእህቴ ልጅ አድጓልና ልሸጠው ነበር።

የአትላንታው፦
ከጀርባው ወይም ከሥሩ የማብቂያ ቀን ተጽፏል፣ መጀመሪያ እሱን እይ። አደጋ ያየ መሆን አለመሆኑን እህትሽን ጠይቂ። ገዢ ደግሞ ይህን ከማያውቀው ሰው ባይገዛ ነው የሚሻለው።

አናጢው፦
ባለሱቋ፣ ለማታዋ ነፍሰ ጡር ምን አልሻት?