ክርክር፦ በኦንላይን የተገኘ ዲግሪ ከመደበኛው እኩል ይቆጠር?

አወያይ፦ የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ከተጀመረ ወዲህ የግልም የመንግሥትም ተማሪ እኩል ይፈተናል። ታዲያ ቀጣሪዎች በኦንላይን የተማረውን የሚያገሉት ለምንድን ነው? ልክ ናቸው? ስድብ አይፈቀድም።

ቀጣሪው፦ ልክ ናቸው። አሳይመንቱን ማን እንደሠራው በምን ይታወቃል? ቴሌግራም ላይ ዋጋ ለጥፈው የሚሠሩ ሞልተዋል።

የማታ ተማሪ፦ በገንዘብ ማሠራት መደበኛውም ጋ አለ፣ ወንድሜ። የመውጫ ፈተናውን ግን ራሴ ቀርቤ ነው የምፈተነው። 50 ከመቶ ካመጣሁ ምን ቀረብህ?

ቀጣሪው፦ አንድ ፈተና አራት ዓመት አይተካም። ነርስ በዙም ተምራ መርፌ ልትወጋህ ነው?

የማታ ተማሪ፦ ነርስ ማን አነሳ? እኔ አካውንቲንግ ነኝ።

መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሁለታችሁም ስለ ፈተናው ነው የምታወሩት፤ ትምህርቱስ? በ1997 ሁለተኛ ደረጃ የገባውን ፕላዝማ አስታውሱት። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ አልገባኝም ብትለው አይሰማህ፤ መብራት ከሄደ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ዛሬ ብዙ ቦታ ኦንላይን የሚባለው ያው ፕላዝማ ነው፣ በዙም። በ2015 ክረምት ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት ቆየ። እንዲህ ባለ ጊዜ «ቀጥታ ክፍል አልገባህም» ተብሎ ነጥብ የሚቀነስበት ልጅ ምን አጠፋ? ለእኔ ትምህርቱ በድምፅ ተቀድቶ፣ ጽሑፉ በፒዲኤፍ ይለቀቅ። በ32 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ 15 ሜጋባይት አይሞላም፤ ኔትወርክ ሲመጣ አውርዶ ማታ ያዳምጠዋል። ቀጥታው ለጥያቄ ብቻ ይሁን። አሳይመንት ላይ አስተያየት ጽፎ የማይመልስ ኮሌጅ ደግሞ ክፍያ አይጠይቅ (ባልደረቦቼ በዚህ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ)። የኮርስ ማጠቃለያ ፈተና ግን በአካል፣ ምንም ድርድር የለውም።

እህት ከዱባይ፦ መምህር፣ በድምፅ ያሉትን ወድጄዋለሁ። ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ ኔትወርክ አላጣሁም፣ ያጣሁት ሰዓት ነው። ግን ለእያንዳንዱ ኮርስ በአካል ካሉ እኔን አወጡኝ። የቲኬቱን ዋጋ ያውቁታል?

መምህሩ፦ እውነትሽን ነው እህቴ። ቆንስላው አዳራሽ ሰጥቶ ፈታኝ ቢመደብ? ወይ የዓመቱ ተጠራቅሞ ፈቃድ ስትወጪ በአንድ ጊዜ ብትፈተኚ።

እህት ከዱባይ፦ ፈቃዴ በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ቆንስላው ይሻላል፣ አርብ ከሆነ።

ቀጣሪው፦ በአካል የተፈተነ ከሆነ ማስረጃውን አያለሁ። ላብራቶሪ ያለበትን የትምህርት ክፍል ግን አልቀበልም፣ ጨርሻለሁ።

የማታ ተማሪ፦ እንግዲያው የቅጥር ማስታወቂያህ ላይ ለሒሳብ ሠራተኛም «በመደበኛ የተመረቀ ብቻ» የምትለውን ሰርዛት።

ቀጣሪው፦ ማስታወቂያውን የማወጣው እኔ አይደለሁም፤ አለቃዬን ልጠይቅ።